የሰፈር ምርጫ በአሜሪካ፦ የሚያስመርጠው ስም ነው ወይስ ቤተ እምነት?

#1 ሰፈርተኛ

የኖቬምበር ምርጫ በደረሰ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋይት ሀውስ ነው። የድምፅ ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን የትምህርት ቦርድ፣ የካውንቲ ምክር ቤት፣ የዳኛና የሰፈር ኮሚሽነር ስም ተደርድሮ ይጠብቃል። ብዙው መራጭ እዚያ ሲደርስ ወይ ባዶውን ይተወዋል ወይ ለዓይኑ ደስ ያለውን ስም ያጠቁራል። ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳን ሦስት ጥያቄ ላንሳ። እንግዳ ስም ያለው እጩ በእርግጥ ይጎዳል? ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ እስከ የት ድረስ መግባት ይፈቀድላቸዋል? ከታች ባሉት ወንበሮች ለመወዳደርስ ሥራው ምን ምን ነው? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ጻፉ። ፓርቲ ለፓርቲ መሰዳደብ ያማረው ሌላ ክር ይክፈት።

#2 የወረቀት_ሰው

ስለ ስም እኔ ልመልስ። ስም የሚጎዳውም የሚጠቅመውም መራጩ ሌላ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ነው። ከጎኑ "ዴሞክራት" ወይም "ሪፐብሊካን" ከተጻፈ ስሙን ከቁብ የሚቆጥረው የለም፤ ፓርቲውን አይቶ ያልፋል። ይህ የሚጠፋው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት የመጀመሪያ ዙር ነው፣ ሁሉም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሆኑ። ሌላው ፓርቲ የማይጻፍበት የዳኛ፣ የትምህርት ቦርድና የከተማ ምርጫ ነው።

ኢሊኖይ፣ 1986። በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ፓርቲው ለምክትል ገዥነት ጆርጅ ሳንግማይስተርን፣ ለስቴቱ ሴክሬታሪነት ኦሬሊያ ፑቺንስኪን ይዞ ቀረበ። ያሸነፉት ማርክ ፌርቻይልድና ጃኒስ ሃርት ናቸው። ሁለቱም በጽንፈኛ ሐሳቡ የሚታወቀው የሊንደን ላሩሽ ተከታዮች ነበሩ፣ ያንን ግን ጋዜጠኛውም ፓርቲውም ያጣራው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው። በጊዜው ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ስሙ ነው፦ ማንንም የማያውቅ መራጭ ለጆሮው የቀለለውን ወሰደ። ለገዥነት የተመረጠው አድላይ ስቲቨንሰን ሦስተኛ "ከነዚህ ጋር በአንድ ወረቀት አልቆምም" ብሎ የፓርቲውን እጩነት ትቶ በሌላ ፓርቲ ስም ተወዳደረና ተሸነፈ። አንድ ስም ማጣራት ያቃተው ፓርቲ ገዥነቱን አጣ ማለት ነው።

ዋሽንግተን ስቴት፣ 1990። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ኪት ካሎው ብዙም ቅስቀሳ ባላደረገ፣ በሕዝብ ዘንድ ባልታወቀ ጠበቃ ተሸነፈ። የጠበቃው ስም ቻርልስ ጆንሰን ነበር። በዚያ አገር ጆንሰን ማለት እኛ ጋ አበበ እንደማለት ነው፤ የማያውቀው ሰው ያለ አይመስለውም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በዚያው ወንበር ተቀምጧል።

ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ለዳኝነት የሚወዳደሩ ሰዎች ስማቸውን በፍርድ ቤት ወደ አየርላንድ ስም መቀየር አበዙ። በ2007 ሕግ ወጣ፤ በቅርብ ዓመታት ስሙን የቀየረ እጩ ወረቀቱ ላይ "የቀድሞ ስሙ እገሌ" ተብሎ ይጻፍበታል።

ከስሙ ባልተናነሰ የስሙ ቦታ ይወስናል። ከላይ የተጻፈ እጩ፣ በተለይ በማይታወቁ ወንበሮች ላይ፣ ጥቂት ድምፅ በነፃ ያገኛል። ኦሃዮ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከጣቢያ ጣቢያ ያዟዙራል። ካሊፎርኒያ ፊደላቱን በዕጣ ታወጣለች፤ ዋሽንግተን ዲሲም ዕጣ ነው። ሜሪላንድ ግን በፕራይመሪ በአባት ስም ፊደል ተራ ትደረድራለች። እዚያ አበበ፣ አለሙ፣ አሰፋ የሚባል አባት ያለው ሰው ያለ ወጪ ይጠቀማል። ዘውዴ ታች ነው፤ ምን ይደረግ።

ሰው ግቢ ውስጥ ስለሚተከለው የቅስቀሳ ሰሌዳም ትጠይቁ ይሆናል። በ2016 የታተመ የአራት የመስክ ሙከራዎች ጥናት አለ፤ አካባቢዎችን በዕጣ ከፍሎ ሰሌዳ የተተከለበትንና ያልተተከለበትን አወዳደረ። ውጤቱ በአማካይ ከሁለት የመቶኛ ነጥብ በታች ነው። በ40 ድምፅ ለሚለይ ወንበር ያዋጣል፣ በ10 ነጥብ ለሚሸነፍ አያድነውም። የተለመደው መጠን 18 በ24 ኢንች ነው። ስም በትልቁ፣ የወንበሩ ስም ከሥሩ፣ ሌላ ምንም። ፎቶ፣ መፈክርና ሦስት ቀለም የሚጨምር ሰው ከመኪና ውስጥ የማይነበብ ነገር ያሳትማል። የመንገድ ዳርና የመሃል ደሴት ላይ መትከል በብዙ ቦታ ክልክል ስለሆነ የመንገድ ሠራተኛ ነቅሎ ይጥለዋል። ባለቤቱ የፈቀደው ግቢ ውስጥ መሆን አለበት።

#3 ቀጭኔ

ባራክ ሁሴን ኦባማ ሁለት ጊዜ ተመርጧል። ስም ስም አትበሉ።

#4 የወረቀት_ሰው

ወንድሜ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ስሙን ያስለምዳል። የትምህርት ቦርድ እጩ ያ የለውም። የምለው ስም ዕጣ ፈንታ ነው አይደለም፤ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይሞላዋል ነው።

ባዶው ቦታ በሌላ ነገር ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለማየት የ2025ቱን የኒውዮርክ ከተማ የከንቲባ ምርጫ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ተመልከት። አንድሩ ኩሞ የቀድሞ ገዥ ነው፣ አባቱም ገዥ ነበር፤ ስሙን የማያውቅ ኒውዮርከር የለም። ዞህራን ማምዳኒ ሲጀምር የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ኩሞ ስሙን እያበላሸ ሲጠራበት በክርክሩ መድረክ ላይ ፊደል በፊደል ቆጥሮ አርሞታል። ያሸነፈው ግን በዚያ አይደለም፤ በር በር ባንኳኩ በጎ ፈቃደኞችና በደረጃ ምርጫው ነው። እዚያ መራጩ እስከ አምስት ሰው በተርታ ይመርጣል። ሙስሊሙ ማምዳኒና ያኔ የከተማው ኮምፕትሮለር (ሒሳብ ተቆጣጣሪ) የነበረው አይሁዳዊው ብራድ ላንደር "እኔን አንደኛ፣ እሱን ሁለተኛ አድርጉ" ተባባሉ። በደረጃ ምርጫ ተፎካካሪን መሳደብ የሁለተኛ ደረጃ ድምፅ ያስከፍላል፤ ብዙ አዲስ እጩ ይህን ይስታል።

እግረ መንገድ፣ ኒውዮርክ ፕራይመሪው ዝግ ነው። በፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው አይመርጥበትም፤ የተመዘገበ መራጭ ፓርቲ ለመቀየር ያለው ጊዜ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 14 ነው፣ ምርጫው ግን ጁን። ሰው ስለ እጩዎቹ መስማት የሚጀምረው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

#5 ደጀን

ከእኛ ወገን ያለውንም እንጥቀስ እንጂ። ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ሲወዳደር ፊቱ የቆመው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በወንበሩ ላይ የነበረው፣ በሲያትል ጥቁሮች ዘንድ ስመ ጥሩው ላሪ ጎሴት ነበር። ያንን ስም አሸንፎ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተመረጠ። ጋምቤላ የተወለደው ኦባላ ኦባላ በ2020 ለኦስቲን፣ ሚኒሶታ ምክር ቤት ተመርጧል፤ ኦስቲን የሥጋ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ሐበሻ ሰፈር የላትም። ሁለቱም የወገን ድምፅ ቆጥረው የገቡ አይደሉም፤ ቁጥሩም አይበቃም።

#6 የወረቀት_ሰው

ትክክል። ሌላ ነገር ልጨምር፦ ወረቀቱ ላይ ስሙ ያልታተመ ሰው በእጅ ተጽፎ ሊመረጥ ይችላል፣ የፊደል ጣጣው ግን ከባድ ነው። በ2010 አላስካ ላይ ሊሳ መርካውስኪ በራሷ ፓርቲ ፕራይመሪ ተሸንፋ በእጅ ጽሑፍ ለሴኔት ተወዳደረች። ስሟ የተጻፈበት የእጅ አምባር አደለች፣ ማስታወቂያዋም ፊደል የሚያስቆጥር ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጻፈላት። ተቃዋሚዋ "ፊደል የተሳሳተው ሁሉ ይውደቅ" ብሎ ቢከስም የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመራጩ ሐሳብ ከታወቀ ይቆጠራል አለ። ይህን መንገድ የሚያስብ ሐበሻ ስም ያለው እጩ አንድ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ ያንኑ ብቻ ይጠቀም። ዲሲ ውስጥ እጩ ያልቀረበባቸው የሰፈር ኮሚሽነር ወንበሮች ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይያዛሉ፤ ነገር ግን ተጽፎ ያሸነፈው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ የማረጋገጫ ቅጽ ካላስገባ ድምፁ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

#7 ሰበካ_ጉባኤ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ሕጉ የ1954 ነው፤ ያኔ ሴናተር የነበረው ሊንደን ጆንሰን ያስገባው አንቀጽ ነው። ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ምኩራብም ቢሆን፣ እጩን ደግፎ ወይም ተቃውሞ በቅስቀሳ ውስጥ አይገባም። ስለ ጉዳይ መናገር አልተከለከለም፤ ስለ ድህነት፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ ትምህርት መስበክ ይቻላል። መስመሩ ያለው እጩው ላይ ነው።

በእኛ ደብሮች ሥራ ላይ ስናውለው እንዲህ ነው። ቅዳሴ አልቆ አውደ ምሕረት ላይ እጩ አቁሞ "ልጃችን ነው፣ አትርሱት" ማለት አይቻልም። እጩው አማኝ ሆኖ መጥቶ ማስቀደስ፣ መሳለም፣ ጸበል ጻዲቅ መቅመስ ይችላል። እንደ እጩ እንዲናገር ከተፈለገ ለዚያ ወንበር የሚወዳደሩት ሁሉ ይጠራሉ። ግብዣው በጽሑፍ ይላክ፣ ቅጂው ይቀመጥ። አንዱን ለእሁድ ጠርቶ ሌላውን አዳራሹ ባዶ ለሚሆንበት ማክሰኞ ማታ መጋበዝ እኩል አይባልም። ጠያቂው ገለልተኛ ይሁን፣ ጥያቄውም በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አይንጠልጠል።

አዳራሽ ማከራየት ይቻላል፤ ዋጋው ለሌላው ሰው የሚከራይበት ዋጋ ከሆነና ሌላ እጩ ሲጠይቅም ከተሰጠ። የምእመናንን ስልክ ዝርዝር ለአንድ እጩ መስጠት ግን እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ይሄ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ በጸሐፊው ስልክ ላይ ስላለ ማንም ከባድ ነገር አድርጎ አያየውም። የደብሩ የቴሌግራም ቡድንም የደብሩ ነው፤ አስተዳዳሪው እዚያ የእጩ ፖስተር ከለጠፈ ደብሩ እንደለጠፈ ነው። ካህኑ በግሉ፣ በራሱ ገጽና ጊዜ፣ ደብሩን ወክሎ እንዳልሆነ ገልጾ መደገፍ መብቱ ነው። ዛሬ ደግሞ አውደ ምሕረቱ በቀጥታ ይተላለፋል፤ የተባለው ሁሉ ቪዲዮ ላይ ቀርቶ ይገኛል።

መራጭ መመዝገብ፣ ቀን ማሳወቅ፣ አረጋውያንን በመኪና ማድረስ ሙሉ በሙሉ ይፈቀዳል፣ "ማንን ትመርጣለህ" ሳይባል።

#8 ቀጭኔ

አባቴ፣ ይሄ ሁሉ በወረቀት ነው። የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጩ በየእሁዱ ይቆማል፤ ኢቫንጀሊካሎቹም ስም ጠርተው ይጸልያሉ። ማን ተቀጣ?

#9 ሰበካ_ጉባኤ

የተቀጣ አለ፣ ጥቂት ቢሆንም። ቢንግሃምተን፣ ኒውዮርክ ያለ የፒርስ ክሪክ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ከምርጫው አራት ቀን በፊት ክሊንተንን አትምረጡ የሚል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በሁለት ጋዜጦች አወጣ፤ ከሥሩም ለማስታወቂያው ወጪ ከግብር የሚቀነስ መዋጮ ላኩልን ብሎ ጻፈበት። የግብር መሥሪያ ቤቱ በ1995 መብቱን ነጠቀ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2000 አጸናው። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ላልቷል፣ እውነት ነው።

በጁላይ 2025 ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ ቴክሳስ ውስጥ ላለ ክስ ባስገባው ሰነድ፣ ቤተ እምነት በአምልኮ ጊዜ ለራሱ ምእመናን በተለመደው መንገዱ ስለ እጩ መናገሩ ክልከላውን አይጥስም ብሎ ተቀበለ። ብዙ ሰው "ተፈቀደ" ብሎ ያወራው ይሄን ነው። ሰነዱ ግን የአንድ ክስ ተከራካሪዎች ስምምነት ነው፤ የ1954ቱን አንቀጽ ከሕጉ መጽሐፍ አላወጣውም። በቪዲዮ ለዓለም የሚተላለፍ ስብከት "ለራሱ ምእመናን" ይባላል አይባልም የሚለውም ያከራክራል። ሕንፃ በዕዳ የገዛ ደብር በዚህ ላይ መወራረድ የለበትም።

ሕጉን እንተወውና፣ አስተዳደሩን እንይ። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ውጭ አገር በሲኖዶስ ተከፍለው ኖረው በ2018 ነው ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ የወረደው። አገር ቤት ባለው ፖለቲካ አሁንም አንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት ሦስት ወገን አለ። እጩ የሚደግፍ ካህን ለእጩው 50 ድምፅ አስገኝቶ ለደብሩ 200 ምእመን ያሳጣዋል።

#10 ኑር_ከወሎ

ሃይማኖት ሲበዛ ምን ይሆናል ለሚለው ሃምትራምክ ትነሣ። ዲትሮይት መሃል የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ድሮ የፖላንድ ካቶሊኮች፣ ዛሬ የየመንና የባንግላዴሽ ሰዎች የበዙባት። በ2021 ከንቲባነቱን አመር ጋሊብ ለዓመታት ከያዘችው ካረን ማየቭስኪ ወሰደ፣ ምክር ቤቱም ሙሉ በሙሉ ሙስሊም ሆነ። ያኔ ዴሞክራቶቹ ጨፈሩ። በ2023 ያው ምክር ቤት በከተማው ንብረት ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ እንዳይሰቀል ወሰነ፤ በ2024 ደግሞ ጋሊብ ትራምፕን ደገፈ። ሙስሊም ድምፅ የእገሌ ፓርቲ ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው ሒሳቡ እንዲህ ይበላሽበታል። በከተማዋም ውስጥ የመን ከባንግላዴሽ ይፎካከራል፤ ሃይማኖት አንድ ቢሆንም ሰፈርና ዘመድ ይለያያል።

የ2025ቱ የከንቲባ ምርጫ መጀመሪያ ሲቆጠር በ11 ድምፅ ነበር የተለየው። በጸሐፊው ቢሮ ውስጥ 37 ያልተቆጠሩ የፖስታ ድምፆች ተገኙ፤ በማን እጅ እንደቆዩ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ሳይቆጠሩ ቀሩ። የኢማሙ ምክር፣ የቡና ቤቱ ክርክር፣ የሰሌዳው ሁሉ ወጪ ተደምሮ ነገሩ የወረደው አንድ ቢሮ ፖስታ አያያዝ ላይ ነው።

#11 ካርታ_አንባቢ

ኑር ያነሣው ላይ ልቀጥል፣ ምክንያቱም ስለ ሃይማኖት ስብስብ ሲወራ ሰው የሚረሳው ካርታውን ነው። ዘጠኝ ወንበር ያለው ቦርድ በሙሉ በአንድ ላይ ከተመረጠ፣ እንደ አንድ ሰው የሚመርጥ 51 በመቶ ዘጠኙንም ይወስዳል፤ 49ኙ ዜሮ። በወረዳ ከተከፋፈለ ግን ያው ሕዝብ ምናልባት አምስት ለአራት ይሆናል። ኒውዮርክ አጠገብ ያለው የኢስት ራማፖ የትምህርት ወረዳ ለዚህ ምስክር ነው። ልጆቻቸውን በግል የሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ኦርቶዶክስ አይሁዶች በአንድነት እየመረጡ ቦርዱን ያዙ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ግን በአብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ ናቸው። ፍርድ ቤት በ2020 አመራረጡ የድምፅ መብት ሕጉን ይጥሳል ብሎ በወረዳ እንዲሆን አዘዘ። ሕገ ወጥ የተባለው አንድ ላይ መምረጣቸው አይደለም፣ ያ መብታቸው ነው፤ ስህተቱ የወንበሩ አደላደል ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ኦሬገን ውስጥ የሆነው ነው። የሕንዳዊው መንፈሳዊ መምህር የራጅኒሽ ተከታዮች አንቴሎፕ የምትባል መንደር ውስጥ ገብተው ምክር ቤቱን በድምፅ ያዙ። ከዚያ በ1984 ዓይናቸውን የካውንቲው ምርጫ ላይ ጣሉ። ከየከተማው ቤት የሌላቸውን ሰዎች በአውቶቡስ አምጥተው ሊያስመዘግቡ ሲሉ የካውንቲው ጸሐፊ ምዝገባውን አቆመች። በዚያው ሰሞን የሌላው መራጭ ቁጥር እንዲቀንስ ለመሞከር ብለው በዘ ዳልስ ከተማ ምግብ ቤቶች ሰላጣ ላይ ሳልሞኔላ ረጩ፤ 751 ሰው ታመመ። ጥቂት መራጭ ያላቸው ትንንሽ ቦታዎች ምን ያህል በቀላሉ ሊገለበጡ እንደሚችሉ ያሳያል፣ ስለዚህም ነው የነዋሪነት ማረጋገጫ ላይ ጸሐፊዎች የሚደርቁት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ለሥልጣን የሃይማኖት መስፈርት ይከለክላል። ሜሪላንድ "በእግዚአብሔር አምናለሁ" ያላለ ሰው ሹመት አይሰጠውም ትል ነበር፤ በ1961 ወደቀ። ቴነሲ ካህናት እንዳይመረጡ ትከለክል ነበር፤ ያም በ1978 ወደቀ። አንዳንድ ስቴቶች ጽሑፉን አልሰረዙትም፣ ግን አይሠራም።

#12 ሃያ_አምስት_ፊርማ

ሦስተኛውን ጥያቄ በዲሲ ላሳይ፤ ዝቅተኛው በር እዚያ ስለሆነ። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ይባላል፤ አንድ ኮሚሽነር ወደ 2 ሺህ ነዋሪ ይወክላል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ደመወዝ የለውም፣ ፓርቲ አይጻፍም። ሥልጣኑ ምክር ቢሆንም ከተማው ምክሩን "በከፍተኛ ክብደት" የማየት ግዴታ አለበት፤ ካልተቀበለ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሳል። የመጠጥ ፈቃድ፣ የውጭ መቀመጫ፣ የግንባታ ለውጥ፣ የመኪና ማቆሚያ በዚያ ያልፋል። ዘጠነኛ መንገድና ጆርጂያ አቬኑ ላይ ምግብ ቤት ያለው ሰው ይሄንን ወንበር ከሴናተሩ በላይ ማወቅ አለበት።

ለመግባት 25 ፊርማ ነው፣ በዚያችው ትንሽ ክልል ከተመዘገቡ መራጮች። ፎርሙን ከማስገባትህ በፊት ባለው 60 ቀን እዚያው መኖር አለብህ። ማስገቢያው ኦገስት መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ቀላል ይመስላል፤ የሚወድቀው ግን ብዙ ነው። ፈራሚው ከመንገዱ ማዶ ይኖራል፣ ማዶው ሌላ ክልል ነው። ወይ ቤት ለውጧል፣ ምዝገባው አሮጌ አድራሻ ላይ ነው። ወይ ባልየው ለሚስቱም ፈርሟል። ወይ ፊርማውን የሰበሰበው ሰው ከገጹ ግርጌ ያለውን ቃለ መሐላ ሳይፈርም ቀርቷል፣ ያኔ ገጹ በሙሉ ይጠፋል። ፊርማዎቹ ለ10 ቀን ለተቃውሞ ክፍት ይሆናሉ፤ ተፎካካሪ ካለህ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ስለዚህ 25 ሲባል 45 ሰብስብ። ሱፐርማርኬት በር ላይ አትቁም፣ ከየትም የመጣ ሰው ነው የሚፈርምልህ። የመራጮቹን ዝርዝር ከምርጫ ቦርዱ ወስደህ በር አንኳኳ።

ሒሳቡን ደግሞ እንዲህ ሥራ። ባለፈው ተመሳሳይ ምርጫ ለዚያ ወንበር የተሰጠውን ድምፅ ፈልግ፤ ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠውን አይደለም፣ ጀርባው ባዶ የሚቀር ወረቀት ብዙ ነው። ግማሹን ወስደህ አንድ ጨምር፣ ላዩ ላይ አሥር በመቶ ጨምር። የሚያስፈልግህ የሰው ቁጥር ያ ነው። የቤተ ክርስቲያንህ ሰው 600 ቢሆን በዚያ ክልል የሚኖረው 9 ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ነድቶ የሚመጣ ነው። የማኅበረሰብ እጩዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ ነው፦ ያጨበጨበው ሰው ሌላ ስቴት ይመርጣል።

#13 ጠንቃቃ

ዜግነት ያልወሰዱ ወገኖች ይህን አንብቡ። ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ ከ2013 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላውም ይመርጣል። ዲሲም በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በአካባቢ ምርጫ ይመርጣል። ይሄ ግን ለከተማው ብቻ ነው። ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ የመረጠ ዜጋ ያልሆነ ሰው ወንጀል ነው የሠራው፣ ከአገር ያስባርራል፣ የዜግነት ማመልከቻው ላይም ተጽፎ ይጠየቃል። ችግሩ የሚፈጠረው መንጃ ፈቃድ ቢሮ ነው፤ ስክሪኑ ላይ "መራጭ ሆነው ይመዝገቡ?" ሲል "እሺ" ብሎ ማለፍ። ተመዝግቦ የተገኘ ሰው ድምፅ ባይሰጥም ቶሎ በጽሑፍ ያሰርዝ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያነጋግር።

ገንዘብም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ለእጩ መስጠት ይችላል፤ በቪዛ ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ ያለ አይችልም፣ ለሰፈር ወንበርም ቢሆን። በሲያትል ነዋሪው ለከተማው እጩ የሚለግሰው አራት የ25 ዶላር ቫውቸር ይደርሰዋል፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጠይቆ ይወስዳል። እንደ እቁብ ከ20 ሰው ሰብስቦ አንዱ በስሙ ቼክ መጻፍ ግን በሌላ ሰው ስም መስጠት ይባላል፤ በፌዴራል ምርጫ ወንጀል ነው። ለፌዴራል እጩ ጥሬ ገንዘብ ከ100 ዶላር አያልፍም። ኮርፖሬሽን ሆኖ የተመዘገበ ምግብ ቤትም ለኮንግረስ እጩ ግብዣ በነፃ ማብላት አይችልም፤ እጩው ሒሳቡን ይክፈል፣ ደረሰኝ ይያዝ።

#14 ቀጭኔ

በ2021 ቨርጂኒያ ላይ ግን ሐበሻ ተባብሮ ባይደንን በኢትዮጵያ ፖሊሲው ቀጥቶታል። ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ገዥነቱን ያሸነፈው በእኛ ነው።

#15 ካርታ_አንባቢ

ልዩነቱ ወደ 63 ሺህ ድምፅ ነበር። ማኅበራት ለያንግኪን ምረጡ ብለው መቀስቀሳቸው እውነት ነው፤ ብቻችንን አሸነፍን ማለት ግን ቁጥሩ አይፈቅድም። ከሁሉ በላይ ገዥ የውጭ ጉዳይ አይወስንም። ቁጣው ለተቀመጠበት ጉዳይ ሥልጣን ያለው የኮንግረስ አባል ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ዓመት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጥቂት ድምፅ ቨርጂኒያ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለግህ 2017ን እይ። በ94ኛው የምክር ቤት ወረዳ ሼሊ ሳይመንድስና ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 አገኙ። እኩል ያደረጋቸው ሁለቱንም ክብ ያጠቆረ አንድ ወረቀት ለያንሲ ይቆጠር ተብሎ ነው። ከሳህን ውስጥ ስም በዕጣ ወጣ፣ ያንሲ ገባ፣ ሪፐብሊካኖቹም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ።

#16 ሰፈርተኛ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረ ነገር፦ እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶች አማርኛ ወረቀት ይገኛል?

#17 የወረቀት_ሰው

የፌዴራሉ የቋንቋ ግዴታ የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ቋንቋዎችን ብቻ ነው፤ አማርኛ ስንትም ሰው ቢናገረው አይገባበትም። ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የራሷ ሕግ አማርኛን ስላካተተች መረጃው ይተረጎማል። በብዙ ሌላ ቦታ መብቱ የሚመጣው ከረዳት ነው። ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል፣ ከአሠሪው ወይም ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በስተቀር። ልጅ፣ ጎረቤት፣ ካህንም ይሆናል። ጣቢያው ላይ "አይቻልም" ካሏችሁ ኃላፊውን ጥሩ፤ ረዳቱ ቅጽ ይፈርም ይሆናል፣ የሚከለከልበት ምክንያት ግን የለም።

በፖስታ ለሚመርጡት፣ በተለይ ዋሽንግተን ስቴት፣ ፊርማ ይታያል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በአማርኛ ፈርመው ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ ከፈረሙ አይመሳሰልም ተብሎ ይመለሳል። ሲመለስ በደብዳቤ ወይም በስልክ ይነገራል፤ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ተስተካክሎ ከተላከ ይቆጠራል። ደብዳቤው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተቆጥሮ ቆሻሻ ውስጥ እንዳይገባ የካውንቲውን ምርጫ ቢሮ አርማ አሳዩዋቸው።